የሬድዉድ አዳራሽ የጓሮ በር

ሰኞ ጠዋት ቨርና ፍሌት የእሁዱን ቆሻሻ ልትደፋ የአዳራሹን የጓሮ በር ገፋች። በሩ እንቢ አላት። ከውጭ አንድ ከባድ ነገር ተደግፎታል። በትከሻዋ ስትገፋው ያ ነገር ተንሸራቶ ወደ ጎን ወደቀ፤ ቨርና አንገቷን አውጥታ አየችና ጮኸች። ሰውየው የወደቁት እንደተቀመጡ ነበር። ጉልበታቸው አልተዘረጋም፤ እጃቸውም ከደረታቸው አልተላቀቀም።

ኦሬስት ባቢዩክ ነበሩ። በዊኒፔግ ሰሜን ሠፈር የግማሹን ሰው ልጆች ታሪክ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላም የሬድዉድን የምርጫ ክልል ታሪክ ከአዛውንት መራጮች አፍ ሲለቅሙ የኖሩ ሽማግሌ። የትኛው ጎዳና በየትኛው ዘመን ለማን እንደመረጠ፣ ክልሉን ለሁለት ሲከፍሉት ማን እንዳለቀሰ፣ ዩክሬናውያኑና አይሁዱ በአንድ ሰልፍ ቆመው እንዴት እንደተሰዳደቡ እሳቸውን መጠየቅ ነበር። አሁን ሹራባቸው ላይ በረዶ ጋግሯል። ካፖርት የለም፤ ባርኔጣና ጓንትም የለም። ቦት ጫማቸው ግን ክሩ በወግ ታስሯል።

ሳጅን ሉርደስ ማግባኑዋ ስትደርስ ቀድሟት የመጣው ወጣት ፖሊስ ጉዳዩን ጨርሶት ነበር።

«በሩ ከኋላቸው ተዘግቶባቸው ነው ሳጅን። ከውጭ እጀታ የለውም። በየክረምቱ እንዲህ የሚሞት አይጠፋም።»

ሉርደስ አጭር ሴት ናት። በልጅነቷ ከፊሊፒንስ መጥታ እዚሁ ሠፈር አድጋለች፤ ሰው ሲናገር ደግሞ ጎረቤት ለሐሜት እንደተቀመጠች ሴት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። አሁን ግን በሩን ነው የምታየው። ውጭ በኩል ከመሃል እስከ ታች ቀለሙ በጥፍር ተቧጭሯል። መጀመሪያ ቆመው፣ በኋላ ተንበርክከው፣ በመጨረሻ ተቀምጠው።

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ለቀቀችው። በሩ ተመልሶ መጣና ሊገጥም አንድ ስንዝር ሲቀረው ቆመ። ደፉ ላይ የክረምቱ በረዶ ተቆልሎ ደንድኗል።

«ይሄ በር ራሱን አይዘጋም» አለች። እግሯን መቃኑ ላይ ተክላ፣ በሁለት እጇ እጀታውን ይዛ ወደ ውስጥ ጎተተችው። በሦስተኛው ጉተታ ገጠመ። «አየህ? አንድ ሰው እዚህ፣ እኔ የቆምኩበት ቆሞ ነበር።»

ወጣቱ ፖሊስ ሳያስበው ከበሩ ራቅ አለ።

«በል፣ ዝጋብኝ» አለችው ካፖርቷን አውልቃ። «ስጠራህ ብቻ ክፈት።»

ጓሮው ጠባብ ነው። ዙሪያውን ከሰው ቁመት የሚበልጥ የጣውላ አጥር፤ ወደ ኋላ ቅያስ የሚያወጣው በር ደግሞ እስከ ደረት በበረዶ ተቀብሯል። ከቅያሱ ማዶ መስኮት የሌለው የመጋዘን ግድግዳ። ሉርደስ ብርዱን ስታውቀው የኖረች መስሏት ነበር። ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ላይ ግን ትንፋሹ ራሱ አፍንጫ ውስጥ ይሰበራል። ከበሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ሶኬት አየች፤ መኪና በክረምት ሞተሩ በብርድ እንዳይደርቅ በኤሌክትሪክ እንዲሞቅ ገመዱ የሚሰካበት። ቀና ብላ አጥሩን አየች። አናቱ ላይ በረዶው እንደ ትራስ ተነጥፏል፤ ከሶኬቱ ትይዩ ግን በአንድ ቦታ በቢላ እንደተቆረጠ ቀጭን ቦይ አለ።

«ክፈት!» አለች።

በሩ አልተነቃነቀም።

«ክፈት እንጂ!» በጡጫዋ መታች። ነፋሱ ድምጿን ከአፏ ነጥቆ ወሰደው። እንደሚከፈትላት ታውቃለች፤ ፖሊሱ እዚያው ነው። ቢሆንም ፈራች፤ ጣቶቿ የሷ መሆናቸውን ተዉ። በእግሯ መምታት ስትጀምር ነው በሩ የተከፈተው።

«ስንት ጊዜ ጠራሁህ?»

«አሁን ነው የሰማሁት» አለ ልጁ ፊቱ ገርጥቶ።

እሁድ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ኦሬስትን ጨምሮ አምስት ሰዎች ነበሩ። ሉርደስ አራቱን ወጥ ቤቱ ውስጥ ተራ በተራ አነጋገረቻቸው። መጀመሪያ የገባችው ቨርና ናት። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ነርስ፣ ከአገሩ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የክሪ ሕዝብ ልጅ፣ ዘንድሮ ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት የሬድዉድ እጩ።

«ስብሰባው ስለ ክልሉ የምሥረታ በዓል ነበር» አለች። «ሽማግሌው የጻፉትን ሲያነቡ ቆዩና መጨረሻ ላይ ቀና ብለው፦ ‹በበዓሉ ቀን ያልተነገረ ነገር እናገራለሁ። በድሮ አንድ የምርጫ ቀን መራጭ የጫነች የፓርቲያችን መኪና አንዲት ሕፃን ገድላ አልፋለች። ከተሳፋሪዎቹ አንዷ ነግረውኛል። የነዱት ሰው ዛሬም አብረውን አሉ› አሉ።»

«ከዚያስ?»

ቨርና እጆቿን ጭኖቿ መሃል ቀበረች። «ሳጅን፣ ሕፃኗ እህቴ ናት። ዶሬን። ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቴ ምርጫ ጣቢያው ውስጥ ተሰልፋለች። የእኛ ሰዎች መምረጥ ከተፈቀደላቸው ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር፤ ለእናቴ የመጀመሪያዋ ነው። ዶሬን ውጭ እየተጫወተች ጠበቀቻት። ፖሊስ መጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነች አየ፣ ሄደ።»

«የነዳውን ሰው ስም ነገሩሽ?»

«ተሳፋሪዋ እሺ ሳይሉኝ አልናገርም አሉኝ። ጮኽኩባቸው፤ ሁሉም ሰምቷል። አሁን ሠፈሩ ሁሉ እኔ እንደገደልኳቸው እያወራ ይሆናል።»

ሉርደስ ከቨርና ጋር ወደ አዳራሹ ወጥታ መስቀያው ላይ ያለውን የሟቹን ካፖርት አነሣችው። አንዱ እጅጌ ውስጥ የተወተፈ ሻርፕ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«እዚህ ምን ሊያደርግ መጣ?» አለች ቨርና። «ኦሬስት ካፖርታቸውን መስቀያ ላይ አይሰቅሉም። አንድ ጊዜ ሰው ተሳስቶ ከወሰደባቸው ወዲህ ወንበራቸው ላይ ነው የሚያንጠለጥሉት። እንስቃለን በዚህ።»

ዋልተር ዛሎዝኒ የፓርቲው የሬድዉድ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናቸው። ባለፈው ሳምንት በረዶ ላይ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው በጀሶ ታስሯል።

«በይ ጠርጥሪኝ» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «መራጭ ሳመላልስ ነው ያረጀሁት። አሮጊት ተሸክሜ ደረጃ ወጥቻለሁ። መኪና ሲባል ሁሉም ወደ እኔ ነው የሚዞረው።»

«ያን ቀን እነማን ነበሩ የሚነዱት?»

«እኛው ነን ወንዶቹ። ያኔ ሴት መኪና ትነዳ ነበር እንዴ? እኔ፣ የግላዲስ ባል ነፍሱን ይማረውና፣ ሌሎችም። ዛሬ ከእነዚያ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ!» ብለው የተናገሩት ነገር ለራሳቸው ሲገባቸው ድምፃቸው ወረደ። «ማርያምን፣ እኔ አይደለሁም። ልጄ መጥታ ከሁሉም ቀድሜ ነው የሄድኩት። ጫማዬን ያሰረችልኝ እንኳ እሷ ናት።»

ሞሪስ ሺንከር የልብስ ሰፊ ልጅ ናቸው። ያን የምርጫ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አሸንፈው ሬድዉድን ለብዙ ዘመን የወከሉት እሳቸው ናቸው።

«መኪናዬ ከፊት ለፊት ቆማ ደረቀች» አሉ። «ፊት ለፊት ሶኬት የለም፤ በዚህ ብርድ ሙሉ ከሰዓት ሳትሰካ የቆመች መኪና ሬሳ ናት።» ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ደነገጡ። «ይቅርታ። ቨርናና እኔ በአንድ ታክሲ ሄድን። ስንወጣ ግላዲስ ሲኒ ታጥብ ነበር፤ ኦሬስት ወንበር ይሰበስባል።»

መጨረሻ ላይ ግላዲስ ፔንዴክ። የኮሚቴው ጸሐፊ፣ የሁሉም እናት። በእያንዳንዱ ስብሰባ ላይ ድንች የተሞላውን ሊጥ፣ ፒሮጊን፣ የሚቀቅሉት፣ ለሐዘንተኛ ቀድመው የሚደርሱት፣ ቨርናን ቤቷ ድረስ ሄደው ተወዳደሪ ብለው የለመኑት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው አብጧል።

«ሻይ ልቅዳልሽ የኔ ልጅ፤ እጅሽ በረዶ ሆኗል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እርስዎ በምን ሄዱ?»

«በመኪናዬ። ከሞሪስ አጠገብ፣ ከፊት ለፊት ነበረች። አንዴ ስነካት ተነሣች፣ ሄድኩ። ኦሬስት በፊት ለፊቱ በር ላይ ቆሞ እጁን አውለበለበልኝ።» አለቀሱ። «ቆይቼ አብሬው በወጣሁ ኖሮ!»

ሉርደስ ሻዩን እስኪያልቅ ጠጣች። ከዚያ ተነሥታ ወጣች።

በማግሥቱ ሬድዉድ ፈርቶ ዋለ። ሽማግሌው የሞቱት የድሮ ነገር ስላነሡ ነው የሚለው ወሬ ከዳቦ ቤቱ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደረሰ። ለኦሬስት ታሪካቸውን የነገሩ አዛውንት ሁሉ ቀጣዩ እኔ ነኝ አሉ። ቅስቀሳ የወጡት ልጆች ደወል ሲደውሉ ቤት ውስጥ ያለው የእግር ኮቴ ድንገት ጸጥ ይላል።

ቨርና በአዛውንቶች መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ በር ስታንኳኳ ከአንዱ ደጅ ጀርባ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ሰማች።

«ቨርና ፍሌት ነሽ? የፍሌት ልጅ?»

«አዎ እማማ። ይክፈቱልኝ።»

«አልከፍትም። ኦሬስት በእኔ ምክንያት ነው የሞተው።»

ቨርና ለሉርደስ ደወለች፤ ሉርደስ ወዲያው መጣች። አሮጊቷ ፓራስካ ዱትቻክ ናቸው፤ ሁሉም ባባ ፓራስካ ይላቸዋል። ከጦርነቱ በኋላ ከስደተኞች ካምፕ የመጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ። ብዙ ከተለመኑ በኋላ በሩን ከፈት አድርገው በሰንሰለቱ ሥር አንድ ዓይናቸውን አሳዩ።

«መኪናዋ ውስጥ ነበሩ አይደል?» አለች ሉርደስ በቀስታ።

«ተሳፋሪዎቹ አራት ነበርን። ሦስቱ ተቀብረዋል። የቀረነው እኔና የነዱት ሰው ነን። ትናንት ስልኩ ጮኸ። ሃሎ ስል ማንም የለም። ትንፋሽ ብቻ። ዛሬም ጮኸ። አሁንም ይጮኻል ብዬ እዚህ ቆሜያለሁ።»

«ስሙን ይንገሩኝ፤ ዛሬውኑ እይዛለሁ።»

«ማን ያምነኛል? ሁሉም የሚወዳቸው ሰው ናቸው። እኔ ተናግሬ ብትለቋቸውስ? ወዴት እሸሻለሁ? የሚሸሽ እግር የለኝ!» ዓይናቸው በእንባ ሞላ። «አልችልም ልጄ። አልችልም።»

ሉርደስ ጠጋ ብላ ዓይኗን ከአሮጊቷ ዓይን ጋር አስተካከለች። «ስሙን እኔ ቀድሜ በሁሉም ፊት ብናገርስ? ከተሳሳትኩ ዝም ይበሉ። ካልተሳሳትኩ አዎ ይበሉ። ያን ብቻ።»

ባባ ፓራስካ፦ «ከጎኔ ትቆሚያለሽ?» አሉ።

«ከጎንዎ እቆማለሁ።»

ያን ቀን ፖሊስ ከደጃቸው አልተነሣም።

ረቡዕ ከሰዓት አራቱም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ሉርደስ ሆን ብላ ዘግይታ ገባች። ግላዲስ እንደ ልማዳቸው የሁሉንም ካፖርት ተቀብለው ሰቅለዋል፤ የሷንም ተቀበሏት። ዋልተር ወንበራቸው ላይ ይቁነጠነጣሉ። ሞሪስ ወለሉን ያያሉ። ቨርና በሩ አጠገብ ቆማለች፤ ማንም እንዳያመልጥ የምትጠብቅ ትመስላለች።

«ኦሬስት ባቢዩክን ብርድ ብቻውን አልገደላቸውም» ብላ ጀመረች ሉርደስ። «ያ በር ካልጎተቱት አይገጥምም። በሁለት እጅ፣ በሙሉ ጉልበት። ሚስተር ዛሎዝኒ፣ እርስዎ አንድ እጅ ነው ያለዎት፤ ከሁሉም ቀድመውም ሄደዋል። እርስዎን ተውኩ።»

ዋልተር በግራ እጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

«ለምን ወደ ጓሮ ወጡ? ጫማ አስረዋል፣ ካፖርት ግን የለም። በዚህ ከተማ ሰው እንዲያ ሆኖ የሚወጣው ለአፍታ ሥራ ነው። ለምሳሌ የመኪና ገመድ ለመንቀል። ጓሮ ውስጥ ሶኬት አለ። ከሶኬቱ ትይዩ ደግሞ አጥሩ አናት ላይ ያለውን በረዶ ገመድ ቆርጦታል። ከማዶ፣ ከቅያሱ፣ አንድ መኪና በአጥሩ ላይ በተሻገረ ገመድ ተሰክታ ነበር። ገመዱን የጎተተው ሰው በቅያሱ በኩል ቆሞ ነው የጎተተው። ስለዚህ በሩን ዘጋ፣ በፊት ለፊት ወጣ፣ ዞረ፣ ገመዱን ሳበ፣ ሄደ።»

«የማን መኪና?» አሉ ሞሪስ።

«የእርስዎ ከፊት ለፊት ደርቃ ቀረች፤ ከቨርና ጋር በታክሲ ሄዱ። አሽከርካሪውን አግኝቼዋለሁ፤ ሁለታችሁንም አድርሷል። የቀረችው አንድ መኪና ናት። ባለቤቷ ፊት ለፊት ከሚስተር ሺንከር አጠገብ ቆማ ነበር ብለውኛል። ሳትሰካ። ግን አንዴ ሲነኳት ተነሣች።»

ማንም ወደ ግላዲስ አልዞረም። ለመዞር የደፈረ አልነበረም።

«የኔ ልጅ» አሉ ግላዲስ ፈገግ ለማለት እየሞከሩ፣ «መኪና አንዳንዴ ይነሣል እኮ።»

«አንዳንዴ ይነሣል። ካፖርትስ? ኦሬስት ወንበራቸው ላይ ነበር የሚያንጠለጥሉት። እሳቸው ወደ ጓሮ ከወጡ በኋላ አንድ ሰው አንሥቶ ሰቅሎታል፤ ሻርፑን እጅጌው ውስጥ ወትፎ። ክፋት አይደለም፤ እጅ የለመደው ነው።» ወደ መስቀያው ሄዳ የራሷን ካፖርት አወረደች። ሻርፗ ከእጅጌው ውስጥ ወጣ። የዋልተርን አወረደች። የሞሪስን። የቨርናን። ከሁሉም እጅጌ ሻርፕ ወጣ። «ዛሬ የሁላችንንም የሰቀሉት እርስዎ ነዎት፣ ሚስስ ፔንዴክ። ያን የምርጫ ቀን መኪናዋንም የነዱት እርስዎ ነዎት።»

«ወንዶቹ ብቻ...» ብለው ዋልተር ጀመሩና አቋረጡ። «ባሏ ያን ቀን ታሞ ነበር» አሉ በሹክሹክታ። «አምላኬ! ታሞ ነበር።»

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ባባ ፓራስካ የወጣቱን ፖሊስ ክንድ ተደግፈው ገቡ። ሉርደስ ሄዳ ከጎናቸው ቆመች።

«አዎ» አሉ ባባ ፓራስካ። ያን ብቻ ነበር ቃል የገቡት፤ ግን አላቆሙም። «ውሻ ነው አሉን። ውሻ ነው፣ ዝም በሉ፣ እንቀጥል። እኔ በመስኮት አየሁ። ውሻ ቀይ ጫማ አያደርግም።»

ሞሪስ ሺንከር እንደታመመ ሰው አቃሰቱ። «የመኪናዋ መብራት ተሰብሮ አይቻለሁ» አሉ። «ያን ዕለት ማታ ስንጨፍር። አይቼ አልጠየቅኩም።»

ግላዲስ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ሲያለቅሱ የነበሩት ሴትዮ አሁን ዓይናቸው ደረቅ ነው።

«ስሜን ይጠራ ነበር» አሉ። «ገመዱን ስስብ ሰማኝ። ግላዲስ፣ ግላዲስ፣ በሩ ተዘጋብኝ እያለ። የዘጋሁት እኔ መሆኔን አላወቀም። እንዳድነው ነው የጠራኝ።»

ዋልተር አማተቡ።

«ለምን?» አለች ቨርና።

«ፈራሁ። ስንት ዓመት ሙሉ ደወል በተደወለ ቁጥር ፈራሁ። እሁድ ሲናገር ያው ፍርሃት መጣ፤ ከኔ የበለጠ ጉልበት ነበረው።»

«እሱን አልጠየቅኩዎትም። ለምን እኔን ለእጩነት አመጡኝ? ማን እንደሆንኩ ያውቁ ነበር?»

«ከስምሽ አወቅኩሽ።» ግላዲስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ለእናትሽ ሌላ የምሰጣት ነገር አልነበረኝም።»

ቨርና አንድ እርምጃ ወደፊት መጣች፤ ሉርደስም አብራት ተንቀሳቀሰች። ቨርና ግን ሴትዮዋን አልነካችም። አልፋቸው ሄዳ ባባ ፓራስካ ፊት ተንበረከከች።

«መኪናዋ ቆማ ነበር? ያኔ?»

«ለአፍታ። በሩን ከፍቼ ወረድኩ። ቋንቋ አላውቅም፤ ምን ልበላት? በራሴ ቋንቋ አወራኋት። እጇን ያዝኩት። ትንሽ፣ ሙቅ እጅ። እሷም ያዘችኝ ልጄ፣ ጠበቅ አድርጋ። ከዚያ ለቀቀችኝ። እነሱ ጎትተው መለሱኝ። ከዚያ መራጭ ነኝና ወሰዱኝ፤ የመጀመሪያዬ ነበር፤ መረጥኩ። ማንን እንደመረጥኩ አላስታውስም።»

ፖሊሶቹ ግላዲስን ይዘዋቸው ሲወጡ ዋልተር እንደ ልማዳቸው በሩን ከፍተው ያዙላቸው፤ በኋላ ያደረጉትን ሲያዩ ግን ለቀቁት። ሉርደስ ሰው ሁሉ እስኪወጣ ጠበቀች። ቨርና ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ስልክ አንሥታ ከከተማው በስተሰሜን ወዳለው የወገኖቿ መንደር ደወለች። እናቷ ዘግይተው ነው የሚያነሡት፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

«እማዬ፣ ቁጭ በይ። ስለ ዶሬን ነው።»

ቨርና ሁሉንም ነገረቻቸው። ከዚያ አሮጊቷ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ድምፃቸው ቀጭን ቢሆንም ሉርደስ ከቆመችበት ሰማችው።

«ብቻዋን ነበረች?»

«አይ እማዬ» አለች ቨርና፤ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደግፋ። «ብቻዋን አልነበረችም። አንዲት እናት እጇን ይዘዋት ነበር። እሷም ይዛቸው ነበር።»